በሩን የከፈቱትና ቤቱን ያቆሙት፦ ከሀገራት በላይ የሆነ መንግሥት ሲገነባ የፖለቲካ ልሂቃን ድርሻ

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ኅብረት እንደ አውሮፓ ኅብረት በአባል ሀገራቱ ላይ የሚጸና ሥልጣን ያላገኘው መሪዎቻችን ቁርጠኝነት ስለሚጎድላቸው ነው ይባላል። ለመሆኑ አውሮፓን አንድ ያደረጉት ጥቂት አርቆ አሳቢ መሪዎች ናቸው ወይስ ሕዝቡ ፈልጎት የመጣ ነው? ለጥናት ጽሑፌ ስለሚያስፈልገኝ ሰፋ አድርገው ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ ካቀረቧቸው ሁለት አማራጮች አንዱንም እንዳለ ለመቀበል እቸገራለሁ። የአውሮፓው ማኅበረሰብ ሲመሠረት ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አልጠየቀውም፤ በምርጫም አልተወሰነም። በሌላ በኩል በሦስት ወይም በአራት ትልልቅ ሰዎች በጎ ፈቃድ የቆመ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ከሥልጣን በወረዱ ማግስት በፈረሰ ነበር። በእኔ አስተያየት በሩን የከፈቱት መሪዎቹ ናቸው፤ ቤቱን ያቆሙት ግን ከእነርሱ በታች የነበሩት ልሂቃን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች፣ የፓርቲ ሹማምንት፣ ዳኞች፣ ጠበቆችና የገበሬ ማኅበር አለቆች ናቸው። ጥቅማቸውንና ሙያቸውን ከአዲሱ ተቋም ጋር ስላቆራኙት ተቋሙ ሲነካ የሚጮኹ ሆኑ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ስለምንነጋገርበት ነገር እንግባባ። ከሀገራት በላይ የሆነ መንግሥት ስል መሪዎች በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተገናኝተው መግለጫ የሚያወጡበትን ጉባኤ ማለቴ አይደለም። አንድ አባል ሀገር ባይስማማም እንኳ የሚጸናበት ውሳኔ የማሳለፍ ሥልጣን፣ ከአባላቱ መዋጮ ውጪ የሆነ የራሱ ገቢ፣ እንዲሁም መንግሥታት ብቻ ሳይሆኑ ድርጅቶችም ክስ የሚያቀርቡበት ፍርድ ቤት ያለውን አካል ማለቴ ነው። በዚህ መለኪያ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አይገባበትም፤ የቀድሞው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም እንዲሁ። በ1951 የተፈረመው የድንጋይ ከሰልና የብረት ማኅበረሰብ ውል ግን ይገባበታል።

የዚያ ውል አወላለድ የልሂቃንን ሚና በቅርብ ስለሚያሳይ ጥቂት ልቆይበት። ሐሳቡን ያመነጨው ዣን ሞኔ በኮኛክ የብራንዲ ነጋዴ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ፣ በሕይወቱ አንድም ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ሥልጣን ያልያዘ ሰው ነበር። በ1950 የፈረንሳይ የፕላን ኮሚሽን ኃላፊ ነው። በዚያ ዓመት ኤፕሪል ወር ከሕግ ፕሮፌሰሩ ፖል ሮይተር፣ ከኢኮኖሚስቱ ፒየር ዩሪና ከረዳቱ ኤቲየን ኢርሽ ጋር ሆኖ ጥቂት ገጾች ያሉት ረቂቅ አዘጋጀ፤ ረቂቁም በወሩ መጨረሻ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሮቤር ሹማን የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በኩል፣ ሹማን ቅዳሜና እሑድን ሎሬን ለማሳለፍ ባቡር ሊሳፈር ሲል ተሰጠው። ሰኞ ዕለት ሲመለስ ሐሳቡን እንደተቀበለው ተናገረ። ሜይ 9 ጠዋት የፈረንሳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፓሪስ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሹማን መልእክተኛ ቦን ውስጥ ለቻንስለር ኮንራድ አደናወር ደብዳቤ ያደርስ ነበር። የአደናወር እሺታ በስልክ ከደረሰ በኋላ ነበር ሹማን ጉዳዩን ለገዛ ባልደረቦቹ የገለጠው። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን ከሁለት ቀን በፊት ያውቅ ነበር፤ የብሪታኒያው ኤርነስት ቤቪን ግን አስቀድሞ ስላልተነገረው ተቆጣ። በዚያው ቀን ማምሻውን መግለጫው ሲነበብ ፎቶግራፍ አንሺ እንኳ አልተጠራም፤ ስለዚህም ትዕይንቱ በኋላ ለፎቶግራፍ ሲባል እንደገና ተሠራ። በየመጻሕፍቱ የምናየው ሥዕል የዚያ ድጋሚ ነው።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሰዎች በምስጢር ያደረጉት ነገር ነው ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና እነዚህ ሰዎች እንዲህ ለመድፈር የቻሉት አጣብቂኝ ውስጥ ስለነበሩ ነው። የፈረንሳይ ብረት ፋብሪካዎች ያለ ጀርመን የሩር ከሰል መንቀሳቀስ አይችሉም ነበር። በጀርመን የብረት ምርት ላይ በዓመት የ11.1 ሚሊዮን ቶን ገደብ ተጥሎ ነበር፤ አሜሪካና ብሪታኒያ ደግሞ የቀዝቃዛው ጦርነት እየከረረ ሲሄድ ይህን ገደብ ለማላላት አዘነበሉ። ሹማን በዚያው ሳምንት ለንደን ላይ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር ሲገናኝ በእጁ የሚያቀርበው ነገር ያስፈልገው ነበር። እጁ ላይ የነበረው ቁጥጥር ከማምለጡ በፊት ቁጥጥሩን የጋራ ማድረግ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ሆነ። አደናወርም ቢሆን ገና ሙሉ ሉዓላዊነቱን ያላገኘ መንግሥት መሪ ነበረና የሰጠው ሉዓላዊነት በእጁ ያልነበረውን ነው፤ በምትኩ ያገኘው ግን የእኩልነት ወንበር ነው።

ስድስቱን መሥራች ሀገራት (ፈረንሳይን፣ ምዕራብ ጀርመንን፣ ጣሊያንን፣ ቤልጂግን፣ ኔዘርላንድንና ሉክሰምበርግን) አንድ በአንድ ቢያዩአቸው በ1940 እና በ1945 መካከል ያልተሸነፈ ወይም በጠላት ጦር ያልተያዘ አንድም የለም። በስድስቱም ውስጥ ብሔራዊ መንግሥት የሚባለው ነገር ዜጋውን መጠበቅ አቅቶት ታይቷል። መሪዎቹ ራሳቸውም የድንበር ሰዎች ነበሩ። ሹማን ሉክሰምበርግ ተወልዶ የጀርመን ዜጋ ሆኖ ያደገና ሎሬን ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ፈረንሳዊ የሆነ ነው። የጣሊያኑ አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ ትሬንቲኖ በኦስትሪያ ሥር በነበረችበት ዘመን በቪየና ፓርላማ ተመርጦ ተቀምጧል። ከአደናወር ጋር ሦስቱም ካቶሊኮች ናቸው፤ ሦስቱም በጀርመንኛ መነጋገር ይችላሉ። እንዲህ ያለው መግባባት ነገሩን አቅልሎት ይሆናል፤ ያለ አጣብቂኙ ግን ከእራት ግብዣ ወግ አያልፍም ነበር።

ከጦርነቱ ሳትወረር የወጣችው ብሪታኒያ ያደረገችውን ስናይ ይህ ይበልጥ ይገለጣል። በሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ ከሰሉን ከሦስት ዓመት በፊት ወደ መንግሥት አዙሮታል፤ የፓርቲው የጀርባ አጥንት የሆኑት የማዕድን ሠራተኞችም ያንን ድል ለሌላ ሀገር ሹም አሳልፈው እንዲሰጡ የሚያደርግ ምክንያት አልነበራቸውም። በድርድሩ እንዲሳተፉ የቀረበላቸውን ግብዣ በ1950 ጁን ላይ ሳይቀበሉት ቀሩ። የብሪታኒያ መሪዎች ከፈረንሳዮቹ ይልቅ አጭር ዕይታ ስለነበራቸው አይመስለኝም፤ ከበታቻቸው ያሉት ልሂቃን ከብሔራዊው መንግሥት ጋር የተሳሰሩበት ገመድ ጠንካራ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ውሉ የፈጠረው ከፍተኛ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ዘጠኝ አባላት ነበሩት፤ ስምንቱን መንግሥታቱ ከመረጡ በኋላ ዘጠነኛውን ራሳቸው ስምንቱ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ዘጠነኛ ሆኖ የተመረጠው ፖል ፊኔ የተባለ የቤልጂግ ሠራተኛ ማኅበር መሪ ነው፤ ይህ ሰው በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኗል። አባላቱ ከየትኛውም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበሉ ውሉ ያስገድዳቸዋል። ከሁሉ በላይ መሥሪያ ቤቱ ከከሰልና ከብረት አምራቾች ላይ በቀጥታ፣ ከምርቱ ዋጋ 1 በመቶ የማይበልጥ ክፍያ ይሰበስብ ነበር። የየትኛውንም ገንዘብ ሚኒስትር ደጅ አይጠናም። የሠራተኛ ማኅበራት፣ የአምራቾችና የነጋዴዎች ተወካዮች የሚቀመጡበት አማካሪ ኮሚቴም በጎኑ ነበረው። በዚህ አኳኋን በየሀገሩ የሁለተኛው ደረጃ ሰዎች፣ ስማቸው በጋዜጣ ፊት ገጽ የማይወጣ ሰዎች፣ መሥሪያ ቤቱ ወደሚገኝባት ወደ ሉክሰምበርግ መመላለስ ጀመሩ።

ይህ ምልልስ ያመጣው ለውጥ በጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶች ላይ በግልጽ ይታያል። መሪያቸው ኩርት ሹማኸር በ1951 ውሉን አጥብቆ ተቃውሟል፤ የካፒታሊስቶችና የወግ አጥባቂዎች አውሮፓ ነው የሚመጣው፣ የጀርመንንም ውሕደት ያርቃል ባይ ነበር። የጀርመን ሠራተኛ ማኅበራት ግን ገና ከመጀመሪያው ከፓርቲው ተለይተው ደገፉት፤ ሰዎቻቸውም በአዲሱ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር አገኙ። ሞኔ ከከፍተኛ ባለሥልጣኑ ፕሬዚዳንትነት ከወረደ በኋላ በ1955 ያቋቋመው ኮሚቴ የመንግሥታትን ሳይሆን የፓርቲዎችንና የሠራተኛ ማኅበራትን መሪዎች የሰበሰበ ሲሆን፣ ኮሚኒስቶችንና የዴ ጎልን ደጋፊዎች ሳይጨምር የጀርመን ሶሻል ዴሞክራቶችን አስገብቷል። በ1957 የጋራ ገበያውን የመሠረተው የሮም ውል ለጀርመን ፓርላማ ሲቀርብ ያው ከስድስት ዓመት በፊት የተቃወመው ፓርቲ የድጋፍ ድምፅ ሰጠ። ይህን መመለስ በአንድ መሪ ንግግር ማስረዳት አይቻልም።

እዚህ ላይ የ1954ቱን ውድቀት ሳላነሣ ባልፍ ነገሩ የድል ታሪክ ብቻ ይመስላል። የጋራ የአውሮፓ ጦር ለማቋቋም በ1952 የተፈረመውን የመከላከያ ማኅበረሰብ ውል ያሰቡት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ዘዴያቸውም ያው ነው። ኦገስት 30 ቀን 1954 የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት በ319 ድምፅ በ264 ላይ ጣለው፤ የጣለውም በውሉ ይዘት ላይ ተከራክሮ ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ጥያቄ ነበር። ድል ያደረጉት እንደራሴዎች ተነሥተው ብሔራዊ መዝሙራቸውን ዘመሩ። ከሰልና ብረት ሲሆን ሁለተኛው ደረጃ ልሂቅ የሚያገኘው ተጨባጭ ነገር ነበር፤ ወደ ጦር ሠራዊት ሲመጣ ግን ጄኔራሎቹም ፓርቲዎቹም የሚያጡት እንጂ የሚያገኙት አልታያቸውም፤ አብዛኞቹ ፓርቲዎች በመሐላቸው ለሁለት ተሰነጠቁ። በመሪዎች ፊርማ የተጀመረ ነገር ሁሉ ይጸናል ለሚሉ ሰዎች ይህን ቀን ሁልጊዜ አስታውሳቸዋለሁ።

ከፖለቲከኞቹ ይልቅ ሩቅ የሄዱት፣ በእኔ ግምት፣ የሕግ ሰዎች ናቸው። የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት በ1963 አንድ የኔዘርላንድ አስመጪ ድርጅት ከፍ ብሎ በተጣለበት የጉምሩክ ቀረጥ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ውሉ ለግለሰቦችም በቀጥታ መብት እንደሚሰጥ ፈረደ። በዓመቱ አንድ የሚላኖ ጠበቃ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በመንግሥት መወረሳቸውን ተቃውሞ 1,925 ሊሬ የመብራት ሒሳብ አልከፍልም አለ፤ ገንዘቡ ኢምንት ነው፤ ፍርዱ ግን የማኅበረሰቡ ሕግ ከብሔራዊ ሕግ በላይ መሆኑን የደነገገ ሆነ። ልብ ይበሉ፣ ይህ የበላይነት በውሉ ውስጥ በግልጽ አልተጻፈም። ውሉ የፈቀደው የየሀገሩ ዳኛ ስለ ማኅበረሰቡ ሕግ ጥያቄ ሲገጥመው ሉክሰምበርግ ያለውን ይህን ፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ብቻ ነበር። አንድ ተራ የከተማ ዳኛ በዚህ መንገድ የገዛ ሀገሩ ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ወደ ጎን ማድረግ የሚያስችል ሥልጣን አገኘ፤ ጠበቃው ደንበኛውን የሚያሸንፍበት አዲስ መሣሪያ አገኘ፤ የሕግ መምህሩም የሚያስተምረው አዲስ ትምህርት አገኘ። የእነዚህ ሁሉ ኑሮ ከተቋሙ ጋር ተሳሰረ።

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ዴ ጎል ይህን መተሳሰር ሳይገምት ነበር በ1965 አጋማሽ ሚኒስትሮቹን ከብራስልስ ያስወጣው። መነሻው የእርሻው ፖሊሲ ገንዘብ የሚሸፈንበት መንገድና የማኅበረሰቡ አስፈጻሚ አካል የሆነው ኮሚሽን ሥልጣኑን ለማስፋት ያቀረበው ሐሳብ ነበር፤ የፈረንሳይ ወንበርም ለሰባት ወር ያህል ባዶ ሆነ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። ትልቁ የፈረንሳይ ገበሬዎች ማኅበር፣ ከጋራ የእርሻ ገበያ የሚያገኘው ጥቅም መቋረጡ አስግቶት፣ ገበሬው ለዴ ጎል ድምፅ እንዳይሰጥ ቀሰቀሰ። ጄኔራሉ በመጀመሪያው ዙር ከ45 በመቶ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ወደ ሁለተኛ ዙር ተገደደ። ቢያሸንፍም በ1966 ጃንዋሪ ፈረንሳይ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እርግጥ ነው፣ ለመመለሷ በተደረገው ስምምነት ዋና ብሔራዊ ጥቅም ሲነካ ድምፅን በድምፅ ከመብለጥ ይልቅ እስኪስማሙ መነጋገር የሚል ልማድ ተተከለ፤ የማኅበረሰቡንም ፍጥነት ለሃያ ዓመት ያህል ቀንሶታል። ሆኖም ከሀገሩ ታሪክ ታላላቅ ሰዎች አንዱ የሆነ መሪ እንኳ ለቅቆ መውጣት አለመቻሉን አስቡት፤ ያስቆሙት የወተትና የስንዴ ገበሬዎች ናቸው።

የዚህ አሠራር ዕዳ ደግሞ ሳይመጣ አልቀረም። በልሂቃን መካከል ተጀምሮ በልሂቃን መካከል የሰፋ ሥርዓት ሕዝቡን ዝም ብሎ እንደሚከተል ቆጠረው። በ1992 የአውሮፓ ኅብረትን የመሠረተው የማስትሪኽት ውል ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ዴንማርኮች በጠባብ ልዩነት አልተቀበሉትም፤ ፈረንሳዮች 51 በመቶ በሆነ ድምፅ ብቻ አሳለፉት። በ2005 ፈረንሳዮችና ኔዘርላንዳውያን ዋና ዋና ፓርቲዎቻቸው የደገፉትን የአውሮፓ ሕገ መንግሥት በሦስት ቀናት ልዩነት ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ይዘቱ በሊዝበን ውል ሌላ ስም ይዞ ሲመለስ በሁለቱም ሀገራት ሕዝቡ እንደገና አልተጠየቀም። ይህን የምጽፈው ውሉን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ የአውሮፓን መንገድ እንዳለ ልንቀዳው ይገባል የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን ከነዕዳው እንዲያዩት ነው።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፣ የ1963ቱ የአዲስ አበባ ጉባኤ ከሹማን መግለጫ ጋር ሲነጻጸር የሚለይበት ነጥብ የቁርጠኝነት መጠን አይመስለኝም። ክዋሜ ንክሩማ የአህጉር መንግሥት ወዲያውኑ ይቋቋም አለ፤ ጁሊየስ ኔሬሬ በደረጃ ይሁን ባይ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻው ግብ ፖለቲካዊ አንድነት ቢሆንም የመሸጋገሪያ ጊዜ ግድ ነው አሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድኖች የተባሉትን ሁለት ተቀናቃኝ የአፍሪካ መንግሥታት ስብስቦች ወደ አንድ አዳራሽ ለማምጣት የደከሙት ድካም በዲፕሎማሲ ረገድ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ከተሰበሰቡት መንግሥታት ብዙዎቹ ነጻነታቸውን ካገኙ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ። በ1950 የአውሮፓ መሪ የተሰበረ መንግሥት ይዞ መጥቶ ነበር፤ በ1963 የአፍሪካ መሪ ግን ገና የተረከበውን፣ ያልጠገበውን መንግሥት ይዞ ነው የመጣው። ቻርተሩም በአባላት ሉዓላዊ እኩልነትና በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ላይ ቢመሠረት አይገርምም። ከበታች ያለው ልሂቅ፣ ነጋዴውም ሆነ ጠበቃው ወይም የመሥሪያ ቤት ሹሙ፣ እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያው አዲስ ብሔራዊ መንግሥት ነበርና ሌላ የሚሟገትለት ቤት አልነበረውም።

በመሪዎች ወዳጅነት ብቻ የተንጠለጠለ ተቋም ምን እንደሚገጥመው ያሳየን ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በ1967 ማኅበረሰቡን ሲመሠርቱ የጋራ ባቡር፣ ወደብ፣ ፖስታና አየር መንገድ ነበራቸው፤ በዚህ ረገድ ከአውሮፓዎቹ የተሻለ መነሻ ነበራቸው ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በሦስቱ ፕሬዚዳንቶች እጅ ነው። በ1971 ጃንዋሪ ኢዲ አሚን ሚልተን ኦቦቴን ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥም አለ። የኔሬሬን አቋም ከሞራል አንጻር ማንም አይነቅፈውም፤ ነገር ግን የሦስቱ ፕሬዚዳንቶች ጉባኤ ከዚያ በኋላ አልተሰበሰበም። የንግዱ ጥቅም ወደ ኬንያ ማጋደሉም ቅሬታውን ያባብሰው ነበር። በ1977 አየር መንገዱ ተበተነ፣ ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋች፣ ማኅበረሰቡም ፈረሰ፤ የጋራ ንብረቱን ለመከፋፈል እስከ 1984 ድረስ ሽምግልና ፈጅቷል። እንደ ፈረንሳይ ገበሬዎች በመንግሥቱ ላይ ተነሥቶ «ይህን አታፍርሱብን» ያለ ኃይለኛ ማኅበር በሦስቱም ሀገራት አልተገኘም።

ስለዚህ ለጥናትዎ የምመክርዎ የመሪዎችን ንግግር በመመርመር ብዙ ጊዜ እንዳያጠፉ ነው። ፍርድ ቤቶቹን ይከተሉ። እንደገና የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በ2006 ኖቬምበር ከኬንያ የተላኩ የሕግ አውጪ ጉባኤ አባላት በአመራረጣቸው ጉድለት ምክንያት ቃለ መሐላ እንዳይፈጽሙ ሲያግድ፣ መሪዎቹ በቀጣዩ ወር ውሉን አሻሽለው ዳኞችን ከሥራ ማንሣት የሚቻልበትን ምክንያት አሰፉ። የደቡብ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2008 በዚምባብዌ የመሬት ወረራ ላይ ለተከሳሹ መንግሥት የማይመች ፍርድ ሲሰጥ በ2010 ታገደ፤ በ2014 የተፈረመው አዲስ ፕሮቶኮልም ግለሰቦች እንዳይከሱበት በሩን ዘጋው። እዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የደቡብ አፍሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጃኮብ ዙማ ያንን ፕሮቶኮል መፈረማቸውን ተቃውሞ በሀገሩ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2018 ዲሴምበር ፊርማው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ በተከታዩ ዓመት ደቡብ አፍሪካ ፊርማዋን አነሣች። በናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ የነበረው የታገደው የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ ጠበቆቹ ግን የእኛ ነው ብለው ተሟግተውለታል።